ባዶውን የለካሁት ሹካ

ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ አቃቂ

ከቤት ስወጣ ሰማዩ ገና አመድ መስሏል። በዋናው መንገድ ላይ የሚኒባስ ረዳቶች በጎረነነ ድምፅ «ዱከም! ደብረ ዘይት!» ይላሉ። የፋብሪካ ሠራተኞች ጋቢና ጃኬት ደራርበው ሰርቪስ ይጠብቃሉ። አንዲት ሴት በሳፋ ሙሉ ቦምቦሊኖ ይዛ በመሃላቸው ትዞራለች። አንዱ ሁለት ብር ነው። ሁለት ገዝቼ ኪሴ ከተትኩ።

በድሩ ከእኔ ቀድሞ ቤቱ በር ላይ ቆሟል። ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ አንድ እግሩን ፔዳሉ ላይ ሰቅሏል።

«አረፈድክ መምህር!» አለኝ። «ተማሪ ብትሆን ኖሮ ራስህን ታንበረክክ ነበር።»

ለአንባቢ ሁሉንም በቅደም ተከተል ማስረዳት አለብኝ። በድሩ ጎረቤቴ ነው፤ ከስልጤ መጥቶ አቃቂ ከከተመ ዓመታት አልፈዋል። በዕድሜ ከእኔ ይበልጣል፤ ትልቋ ልጁ ግን የእኔ ተማሪ ስለሆነች «መምህር» እንጂ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። ሥራው እንቁላል ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ከኮዬ ፈጬ ወዲያ ካሉ ገበሬዎች እየሰበሰበ በብስክሌት አምጥቶ ለየሱቁ ያከፋፍላል። እኔ ደግሞ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ፤ እሁድ እሁድ ብስክሌት እነዳለሁ፤ ስለ ብስክሌትም ለአንድ ጋዜጣ እጽፋለሁ። በዚህ ማስታወሻ የሁሉንም ሰው ስም ቀይሬያለሁ። ለምን እንደቀየርኩ መጨረሻው ላይ ይገባችኋል።

የጉዟችን ምክንያት ሹካ ነው። የምግብ ሹካ ማለቴ አይደለም። ብስክሌት ላይ ሹካ የምንለው የፊት ጎማውን በግራና በቀኝ ይዞ ከመሪው ጋር የሚያገናኘውን ባለሁለት እግር ብረት ነው። በየጊዜው ከውጭ የሚገቡት አሮጌ የተራራ ብስክሌቶች ብዙዎቹ ባለሞላ ሹካ አላቸው፤ በእያንዳንዱ እግር ውስጥ ሞላ አለ፣ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሞላው ይታመቅና ምቱ እጅ ላይ ሳይደርስ ይበርዳል። እኔ ይህን ነገር እወደዋለሁ። ክፍል ውስጥም ስለ ሞላ ሳስተምር ምሳሌዬ እሱ ነው።

አቃቂ ግን ሌላ ልማድ አለ። ጭነት የሚጭን ሰው ባለሞላ ብስክሌት ሲገዛ መጀመሪያ የሚያደርገው ወደ ጋሽ ተፈራ ወስዶ ሹካውን ማስበየድ ነው። ጋሽ ተፈራ በባቡሩ ዘመን የጥገና ሠራተኛ ነበሩ፤ አሁን ከአሮጌው ጣቢያ አጠገብ በቆርቆሮ ቤት ብስክሌት ይጠግናሉ። ውስጡ ያለውን ሞላ እንዳለ ትተው ሁለቱ ቱቦዎች የሚገናኙበትን ቦታ ዙሪያውን ይበይዱታል። ከዚያ በኋላ ሹካው ደረቅ ብረት ነው። ለእኔ ይህ የደህና መጽሐፍ ገጾችን በሙጫ እንደማጣበቅ ነበር።

ስለዚህ ለሁለት ወር ያህል ጥናት አደረግኩ። ሠንጠረዥ የተሰመረበት ደብተር ይዤ ባለሞላ ሹካ ያላቸውን ነጂዎች ባገኘሁበት ሁሉ ጠየቅኩ። ቃሊቲ ማረሚያ ቤት አካባቢ ያገኘሁት አንድ ጥበቃ «ድሮ ከፈረቃ ስወጣ ድንጋዩ ይቀሰቅሰኝ ነበር፤ አሁን ሞላው እሹሩሩ እያለ ያስተኛኛል» አለኝ። የእሁድ ጓደኞቼ ቁልቁለት ላይ አመሰገኑት፤ ዳገት ላይ ግን ጉልበታቸውን እየበላ አብሯቸው እንደሚዘል ነገሩኝ። አንዱ ዘይት እንዳያፈስ የሚይዘው የጎማ ቀለበት አልቆበት መርካቶ ድረስ ሄዶ ማጣቱን ነገረኝ። ሁሉንም ጻፍኩ። ሹካቸውን ያስበየዱትን ግን አልጠየቅኩም። ሞላ ስለሌላቸው ከጥናቱ ውጭ ናቸው ብዬ ነበር።

ሐሙስ ዕለት በድሩን ጋሽ ተፈራ ዘንድ ወሰድኩት። የእሱ ሹካ የተበየደ ነው፤ የእኔ ጥሩ ባለሞላ ነው፤ የሁለቱም ጎማ እኩል ነው። ሹካ እንቀያየር አልኩት። «እንቁላል ከማንም በላይ ሞላ የሚያስፈልገው ጭነት ነው» ብዬ በጋሽ ተፈራ የብረት በር ላይ በጠመኔ ጎማውን፣ ድንጋዩን፣ የኃይሉን አቅጣጫ በቀስት ሳልኩለት። ሦስት ጊዜ «ገባህ?» አልኩት። ሦስቱንም ጊዜ «ገብቶኛል መምህር» አለ።

ጋሽ ተፈራ ብሎን እየፈቱ ሲሰሙ ቆዩና «እዚህ አቃቂ የተበየደውን ሁሉ የበየድኩት እኔ ነኝ» አሉ።

«ለምን ግን ይበይዱታል ጋሼ?»

«እኔን ምን ትጠይቀኛለህ? እነሱን ጠይቃቸው፤ የሚነዱት እነሱ ናቸው።»

እኔ ሳቅኩ። ሹካዎቹ ተቀያየሩ። በበድሩ ብስክሌት ፊት ለፊት የእንቁላል ሳጥን ማስቀመጫ ከመሪው ጋር ተበይዷል፤ ከሱ ሥር እስከ ጎማው ያለውን ክፍተት ለካሁ፤ አራት ጣት። በድሩን ኮርቻው ላይ አስቀምጬ እንደገና ለካሁ፤ ሦስት ጣት ተኩል። በቂ ነው ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ።

12 ሰዓት ከ45፣ ቱሉ ዲምቱ

እስከዚህ አስፋልት ነው። የተበየደው ሹካ አሁን ከእኔ ጋር ነውና የእያንዳንዱን ስንጥቅ ዜና እጄ ላይ ያደርሳል። በድሩ ግን ከፊቴ ባዶ ሳጥኖቹን እያንኳኳ ይንሳፈፋል።

ቱሉ ዲምቱ ከሕንፃዎቹ ሥር ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሮጣል። የሚኒባስ ሰልፍ እንደ ገመድ ተጠምዝዞ እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሷል። ክራቫት ያሰረ ሰው ጫማውን ከጭቃ ለማዳን በድንጋይ ላይ እየዘለለ ያልፋል። እኛ የቆምነው የወይዘሮ ጽጌ ቁርስ ቤት በር ላይ ነው። በላስቲክ የተከለለች ጠባብ ቤት ናት፤ አራት አግዳሚ ወንበር፣ ሁለት ትልልቅ መጥበሻ።

ወይዘሮ ጽጌ ለግንባታ ሠራተኞች ቁርስ ለማቅረብ ከአንድ ተቋራጭ ጋር ተስማምተዋል፤ የሚጀምሩት ዛሬ ነው። ለዚህ ሦስት መቶ እንቁላል ይፈልጋሉ። በድሩ ዛሬ በሰዓቱ ካደረሰ ከሰኞ ጀምሮ የዘወትር አቅራቢያቸው እሱ ይሆናል። ይህ ለበድሩ ምን ማለት እንደሆነ በመንገድ ላይ ነግሮኛል፤ በየሱቁ እየዞሩ «ዛሬ እንቁላል ትፈልጋላችሁ?» ማለት ቀረ ማለት ነው። ዘይነባም፣ ሚስቱ ናት፣ ሁልጊዜ የምትለው የሱቅ ነገር ይጀመራል ማለት ነው።

«የሠራተኛው እረፍት አራት ሰዓት ነው» አሉት ወይዘሮ ጽጌ፣ ሽንኩርት ከመክተፍ ቀና ሳይሉ። «አራት ሰዓት ስልህ አራት ሰዓት ነው። የእናንተ የስልጤ አራት ሰዓት አይደለም።»

«እኛ እኮ እትዬ፣ ሱቅ የምንከፍተው ዶሮ ሳይጮህ ነው። የሚያረፍዱት መምህራን ናቸው» ብሎ በአገጩ እኔን አሳያቸው። ወይዘሮ ጽጌ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

1 ሰዓት ከ30፣ ኮዬ ፈጬ

አስፋልቱ አልቋል። ኮንዶሚኒየሙ ገና እየተሠራ ነው፤ ግራጫ ብሎኮች መስኮት ሳይገጠምላቸው በሰልፍ ቆመዋል፤ በመሃላቸው ባለፈው ዓመት ጤፍ የነበረበት መሬት በገረጋንቲና በተሰበረ ብሎኬት ተሞልቷል። ገልባጭ መኪኖች አሸዋ እያራገፉ ይመለሳሉ። አንድ ገበሬ ሁለት በሬ እየነዳ በወደፊቱ አስፋልት ላይ ያልፋል። አቧራው ከንፈር ላይ ጨው ጨው ይላል።

ሹካው የደመቀው እዚህ ነበር። ለምርመራ ብዬ በድሩን ከፊት አድርጌ ከኋላ ተከተልኩት። ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ሹካው ይታመቃል፣ ይመለሳል፤ መሪው ግን ዝም። እኔ ከኋላ ጥርሴ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ አንጓዬ ደንዝዟል።

«እንዴት ነው?» ብዬ ጮህኩ።

«ፍራሽ ነው መምህር! ፍራሽ ላይ የተኛሁ ነው የሚመስለኝ!»

ቆመን ቦምቦሊኖውን ተካፈልን። ደብተሬን አውጥቼ «አስተያየት፦ እንደ ፍራሽ ነው» ብዬ አሰፈርኩ። ዛሬ ያን ገጽ ሳየው በድሩ የተናገረው እውነቱን እንደነበረ አያለሁ። ሳጥኖቹ ባዶ ነበሩ። እኔ ግን የጠየቅኩትን መልስ በሙሉ ያገኘሁ መስሎኝ ደብተሩን ዘጋሁ።

2 ሰዓት ከ10፣ ከኮዬ ፈጬ ወዲያ

መንደሯ የሣር ቤትና የቆርቆሮ ቤት የተቀላቀለባት የገበሬ መንደር ናት። አዴ ጫልቱ የሚባሉ ሴት ናቸው የሰፈሩን እንቁላል ሰብስበው የሚያቆዩለት። ጠና ያሉ፣ ትከሻቸው ሰፊ፣ ሲስቁ ግቢው የሚሰማቸው ሴት ናቸው። በድሩ በኦሮምኛ ጤና ሲጠይቃቸው እሳቸው ደግሞ በአማርኛ ለእኔ «ና ግባ የኔ ልጅ፣ ከስተሃል፣ የከተማ ምግብ ምን ዋጋ አለው» ብለው ትኩስ ወተት በጣሳ ሰጡኝ።

የበድሩን አሠራር አይቼ አልጠገብኩም። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በባልዲ ውኃ ውስጥ ይለቃቸዋል፤ ሥር የሚተኛው ደህና ነው፣ የሚቆመውን ይጠራጠራል፣ የሚንሳፈፈውን ይመልሳል። ከዚያ በጨርቅ ያደርቃል። በሳጥኑ ሥር ጭድ ያነጥፋል፤ እንቁላል፣ ጭድ፣ እንቁላል፣ ጭድ። አንዱ ሌላውን አይነካም። እጁ ሲሠራ ዓይኑ አያይም፤ ከአዴ ጫልቱ ጋር ያወራል።

ሁለት መቶው ከኋላ፣ መቶው ከፊት። የፊቱ ሳጥን ሲታሰር ሹካው ዝቅ አለ። በድሩ መሪውን በመዳፉ አንዴ ተጫነው። ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ። ቀና አለ። አዴ ጫልቱ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተናገሩና ሁለቱም ሳቁ።

«ምን አሉህ?»

«መልካም መንገድ ነው ያሉት» አለኝ። ገመዱን ነካ፣ እንደገና ነካ። «መምህር… ከፊቱ ትንሽ ቀንሼ ወደ ኋላ ባደርገው ምን ይመስልሃል?»

አሁን ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ መልሼ እንደሰማኋት! ያኔ ግን የሰማሁት የተማሪ ጥያቄ ነው። ከኋላ ሞላ የለም፤ ስለዚህ ከኋላ ያለው እንቁላል ነው የበለጠ የሚመታው፤ እንዲያውም ብዙው ከፊት ቢሆን ይሻላል አልኩት። ሞላ ሥራውን የሚሠራው ሲጫን ነው፣ ዝቅ ማለቱም የሥራው ምልክት ነው አልኩት። በጣቴ አቧራው ላይ ሳልኩለት።

«ገባህ?»

«እሺ መምህር፤ አንተ ካልክ።»

2 ሰዓት ከ50፣ የመልስ መንገድ

ጊዜ ነበረን። ቀስ ብለን ሄድን። እኔ ዘፈን ሳፏጭ ትዝ ይለኛል። ከበድሩ በኩል አልፎ አልፎ «ሽክ፣ ሽክ» የሚል ድምፅ ይመጣል። የሳጥኑ ሥር ጎማ ሲነካ የሚያሰማው ድምፅ መሆኑን አሁን አውቃለሁ፤ ያኔ ጭድ መስሎኝ ነበር። በድሩ ግን ያውቀው ነበር። ጉድጓድ ባየ ቁጥር መሪውን ወደ ላይ የመጎተት ያህል ይይዘው ነበር፤ ላብ ከጆሮው ሥር ይወርድ ነበር።

ከብሎኮቹ ወደ ዋናው መንገድ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ደረስን። አንድ ገልባጭ ከፊታችን በዝግታ ይወጣል። ሰፊ ቦታ ትቶልናል፤ ይህን በግልጽ መጻፍ አለብኝ፣ ሾፌሩ ምንም ጥፋት የለበትም። በድሩ ዳር ለመያዝ የፊት ፍሬኑን ያዘ። ባለሞላ ሹካ በፍሬን ጊዜ ወደፊት ይሰምጣል፤ ይህን እኔው ራሴ ለተማሪዎች አስተምራለሁ። በመቶው እንቁላል ክብደትና በቁልቁለቱ ምክንያት ሹካው እስከ መጨረሻው ሰመጠ። ሳጥኑ ጎማው ላይ ተቀመጠ። ጎማው ቀጥ አለ። በድሩ ግን አልቆመም።

በመሪው ላይ ተወርውሮ ቀኝ እጁን አስቀድሞ ወደቀ። ብስክሌቱ ተከተለው። የኋላው ሳጥን በጎኑ አረፈና ክዳኑ ተከፈተ።

ድምፁ እንደጠበቅኩት አልነበረም። እንደ ዝናብ መጀመሪያ ጠብታ ነበር። ገረጋንቲው ላይ ቢጫው ተዘረጋ፣ ጭዱ ተንሳፈፈበት።

ሮጬ ሄድኩና የመጀመሪያው ቃሌ ምን እንደነበረ እዚህ ባልጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። «ፍሬኑን በኃይል ያዝከው እንዴ?» ነበር ያልኩት።

በድሩ ቁጭ ብሎ ቀኝ አንጓውን በግራ እጁ ይዟል። ፊቱ አቧራ ነው። ወደ እንቁላሉ አየ እንጂ ወደ እኔ አላየም። «ሰዓት ስንት ነው?» አለ።

4 ሰዓት ከ20፣ ቱሉ ዲምቱ

ዘጠና ስምንት ደህና አገኘን። ቅርፊታቸው የተሰነጠቀ፣ ግን ያልፈሰሱ ወደ ሠላሳ ሌሎች ነበሩ፤ እነሱን በፌስታል ለየን። ሁለቱን ብስክሌቶች እኔ እየገፋሁ፣ እሱ ሳጥኑን በግራ ክንዱ አቅፎ፣ ሰዓት አለፈብን።

የወይዘሮ ጽጌ ቁርስ ቤት ጢም ብሏል። ሲሚንቶ የነካቸው ጫማዎች ከአግዳሚው ሥር ተደርድረዋል። መጥበሻዎቹ ይጮሃሉ። የሚጠበሰው እንቁላል የሌላ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ያለው ሞተር ብስክሌትና የተደረደረው የእንቁላል ትሪ ነገረን።

ወይዘሮ ጽጌ ፌስታሉን አዩ፤ የበድሩን እጅ አዩ። ፊታቸው አንዴ ለዘብ አለ፤ ከዚያ ተመለሰ።

«ምን ሆነህ ነው?»

በድሩ አልዘገየም። «ገልባጭ ገፋኝ እትዬ። መንገዱን ዘጋብኝ።»

እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ጠመኔ የሚይዘው ጣቴ የብስክሌቱን መሪ ይዟል። አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እሱ በራሱ ሹካ ቢመጣ ኖሮ እንቁላልዎ በሰዓቱ ይደርስ ነበር» ማለት። ወይዘሮ ጽጌ ወደ እኔም አዩ፤ ምናልባት ምስክር ፈልገው ይሆናል። ራሴን ወደ ታች ነቀነቅኩ። ነቀነቅኩ! ቃል ሳላወጣ ውሸቱን ፈረምኩበት።

«አዝናለሁ ልጄ፣ እግዜር ይማርህ» አሉት። «ግን ይሄ ሁሉ ሰው የሚበላው እንቁላል ነው፤ ምክንያት አይበላም። ያኛው ልጅ ደውዬለት በሃያ ደቂቃ አደረሰ። ሰኞም እሱ ነው የሚያመጣው፤ ቃል ሰጥቼዋለሁ።» ዘጠና ስምንቱን ለኋላ ይሆነኛል ብለው ወሰዱ።

«ችግር የለም እትዬ» አለ በድሩ። «ሥራዎን ያብዛው።»

6 ሰዓት፣ አቃቂ

ብስክሌቶቹን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነን ተመለስን። ረዳቱ ለሁለቱ የአራት ሰው ሂሳብ ተቀበለኝ፤ አልተከራከርኩም።

ሐኪም ቤት እንሂድ ብለው በድሩ እምቢ አለ፤ የሰፈሩ ወጌሻ ይበቃኛል አለ። ወጌሻው አንጓውን በቅቤ እያሸ ብዙ ዳሰሰ። አልተሰበረም፣ ግን ክፉኛ ወልቋል፤ አንድ ወር መሪ እንዳትይዝ አለው። ሲመልሰው በድሩ ጥርሱን ነክሶ ጣሪያውን አየ፤ ላቡ ግን ከቅንድቡ ተንጠባጠበ።

ለማናገር ብቻ ብዬ «አዴ ጫልቱ ምን ነበር ያሉህ?» አልኩት።

ከሕመሙ መሃል ፈገግ አለ። «‹ሳይክልህ መስገድ ጀመረ እንዴ፣ የሶላቱ ሰዓት ሳይደርስ!› ነው ያሉኝ።»

ወጌሻው ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት በአንድ እይታ ያዩትን እኔ በሁለት ወር ሠንጠረዥ አላየሁም።

«አንተስ አይተኸው ነበር?»

«እንግዲህ…» አለና ፊቱን ወደ ወጌሻው መለሰ።

8 ሰዓት፣ በድሩ ቤት

ዘይነባ ስንገባ አልጮኸችም። እጁን አየች፣ ፌስታሉን ከእኔ ተቀበለች፣ ወንበር በቀሚሷ ጠርጋ «ተቀመጥ መምህር» አለችኝ። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። ገልባጩ እንዳልነካው፣ ሹካው የእኔ እንደነበረ፣ ሐሳቡም የእኔ እንደነበረ። በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ለመናገር አልከበደኝም፤ ቱሉ ዲምቱ ላይ ነበር መናገር የነበረብኝ።

«ጥፋቱስ የእሱ ነው» አለች ወደ ባሏ እያየች። «ሐሙስ ነግሮኝ ነበር፤ ‹ሲጫን ሳጥኑ ጎማውን ይነካዋል› አለኝ። ታዲያ ንገረዋ! አልኩት። ‹ያን ያህል ደክሞ፣ በር ሙሉ ሥዕል ስሎ አስረድቶኝ፣ እንዴት ብዬ አይሆንም ልበለው› አለኝ።»

«አንቺ ደግሞ!» አለ በድሩ ወደ ግድግዳው ዞሮ።

ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዲሁ «ገብቶኛል» ብሎኝ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ወንበሩ ላይ ተመቻችቼ መቀመጥ አልቻልኩም። ሰኞ ማለዳ ወይዘሮ ጽጌ ዘንድ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ፣ ሥራውን ይመልሱልህ እንደሆነ እለምናቸዋለሁ አልኩት።

«ተወው መምህር።» አሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን ቀጥ ብሎ አየኝ። «ገልባጭ ነው ብያቸዋለሁ። አንተ ሄደህ ሹካ ነው ብትላቸው እኔን ውሸታም ታደርገኛለህ። የወደቀ ሰው ነገ ተነስቶ እንቁላል ያመጣል። ውሸታም የተባለ ሰው እንቁላል ማን ይገዛዋል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

ቀኑን ሙሉ ያልጠየቅኩት ጥያቄ ይህ ነበር፤ ሲወጣም ጊዜው አልፎበታል። በድሩ ትከሻውን ነቀነቀ። «ጋዜጣህ ላይ ጻፈው፤ ስማችንን ቀይረህ። ባዶ ለሚነዳ ጥሩ ነው በል፤ እውነትም ጥሩ ነው። ጭኖ ለሚነዳ ግን አይሆንም በል። ሌላ ሰው የተበየደ ሹካውን እንዳያስፈታ።»

ይኸው ጽፌዋለሁ። በጥናቱ ውጤት ቦታ የማስገባው ይህን ብቻ ነው።

ዘይነባ የተሰነጠቁትን እንቁላሎች በቃሪያና በሽንኩርት ጠብሳ ከነመጥበሻው በመሃላችን አስቀመጠች። ዳቦ አመጣች። «ብሉ፤ እስከ ነገ አያድርም» ብላ ቁሌቱ የነካውን እጇን ልትታጠብ ወደ ጓሮ ወጣች።

ሁለታችን ብቻ ቀረን። እንቁላሉ ይጨሳል። በድሩ ምግቡን አየ፣ የታሰረ ቀኝ እጁን አየ፤ ግራ እጁን ከጉልበቱ አላነሳም። በግራ እንደማይበላ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን በግራ አልበላም።

«አንተ ብላ መምህር» አለኝ። «እኔ እንኳ አልራበኝም፤ በኋላ ከዘይነባ ጋር እበላለሁ።»

ከጠዋቱ ጀምሮ የበላው አንድ ቦምቦሊኖ ነበር። ምንም አላስረዳሁትም፤ ምንም አልጠየቅኩትም። እጄን ታጥቤ ተመለስኩ፤ ዳቦውን ቆርሼ እንቁላሉን ጠቀለልኩበትና ወደ አፉ ዘረጋሁ። ከዚያ ዓይኑን ከእኔ አሽሽቶ አፉን ከፈተ።